እጄ ይጣፍጣል ለምትሉ ሁሉ፦ ምግብ መስራት መውደድን ወደ ፐርሰናል ሼፍ ስራ ስለመቀየር (ጥያቄ ካላችሁ እዚሁ ጣሉት)

ኮረሪማ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ሰላም ቤተሰብ፣ ሰሞኑን በውስጥ መስመር ብዙ ሰው ስለዚህ ስራ እየጠየቀኝ ስለሆነ ለየብቻ ከምመልስ አንዴ እዚህ ልጻፈውና የቀረውን እየተጠያየቅን እንሂድ ብዬ ነው።

እኔ ፐርሰናል ሼፍ ነኝ። ሰው ቤት እሄዳለሁ፣ እዛው በነሱ ምድጃ የሳምንቱን ምግብ እሰራለሁ፣ በኮንቴነር እያደረግኩ ስሙን፣ ቀኑንና እንዴት እንደሚሞቅ እጽፍበታለሁ፣ ፍሪጅ አስገብቼ ኩሽናውን አጽድቼ እወጣለሁ። ፕራይቬት ሼፍ ከሚባለው ይለያል፣ እሱ አንድ ቤተሰብ ጋ ተቀጥሮ በደሞዝ የሚያበስል ነው፣ ፐርሰናል ሼፍ ግን ብዙ ደንበኛ ይዞ ለራሱ የሚሰራ ሰው ነው። ታክሱም ውሉም የተለያየ ስለሆነ ከመጀመሪያው ለይታችሁ እወቁት።

ያደግኩት ማጀት ውስጥ ነው። ማህበር ሲሆን፣ ክርስትና ሲሆን፣ ለቅሶ ሲሆን እሷን ጥሩልኝ የምባለው እኔ ነበርኩ፣ እዚህ ሀገር ከመጣሁም በኋላ ከስራ ወጥቼ ለሰው ሰርግ ሽንኩርት ስከትፍ ያደርኩበት ጊዜ ብዙ ነው፣ በደስታ ነው ያደረግኩት አሁንም አደርገዋለሁ። ግን ያ ሁሉ ልምድ ምግቡን ያስተምራል እንጂ ስራውን አያስተምርም። ደንበኞቼ የሚያቆዩኝ ወጤ ስለጣፈጠ ብቻ አይደለም። ማክሰኞ 4 ሰአት ካልኩ 4 ሰአት በራቸው ላይ ስለምገኝ ነው፣ ትንሹ ልጅ ሰሊጥ እንደማይስማማው ጽፌ ስለያዝኩ ነው፣ ባለፈው ሳምንት የትኛው ምግብ ሳይበላ እንደቀረ ጠይቄ ስለምቀይር ነው፣ ሐሙስ ማታ ደክሟቸው ኮንቴነሩን ሲከፍቱት ምግቡ ልክ እንደሰራሁት ስለሚያገኙት ነው።

ዋጋውን ብዙዎቻችሁ ስለጠየቃችሁ እኔ የማደርገውን ልናገር። የእጅ ዋጋ ለብቻ፣ የግሮሰሪ ወጪ ለብቻ በደረሰኝ። ለ4 ሰው ቤተሰብ 4 አይነት ምግብ ከሆነ ገበያው 1 ሰአት፣ ማብሰሉ ከነማሸጉ ከነማጽዳቱ 5 ሰአት፣ መንገዱ 1 ሰአት፣ በድምሩ 7 ሰአት ይወስዳል፣ በሰአት 50 ዶላር ስትሉት 350 ይመጣል። ለደንበኛው የምነግረው ግን 350 የሚለውን አንድ ቁጥር ነው፣ በሰአት ነው ካልኩ እጄን እያየ ሰአት የሚቆጥር ሰው አለ እና እሱ ስራውን ያበላሻል። 350ው ደግሞ ሁሉም የኔ አይደለም፣ ቤንዚን አለ ኢንሹራንስ አለ ኮንቴነር አለ፣ ለራሱ የሚሰራ ሰው በትርፉ ላይ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር የሚከፍለው ብቻ 15.3 ከመቶ ነው፣ የገቢ ግብሩ ከዛ በላይ ነው። ስለዚ በሰአት 20 ዶላር ይበቃኛል ብሎ የሚነሳ ሰው በራሱ ላይ እየፈረደ ነው።

በሉ ጠይቁ።

ሸገር_ሲልቨርስፕሪንግ

ኮረሪማዬ እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ እኔ የሌሊት ሺፍት ነው የምሰራው ጋራዥ ውስጥ፣ ቀን ቀን ደሞ ለሰፈር ሰው ምግብ እሰራለሁ፣ ጓደኞቼ እዚሁ ቤትሽ እየሰራሽ ለምን ዶሮ ወጥና ጾም በያይነቱ በፌስቡክ አትሸጪም ይሉኛል፣ ሰው ቤት ከመሄድ ያ አይቀልም ወይ? ላይሰንስስ ያስፈልጋል?

ኮረሪማ

እህቴ እዚህ ላይ ቆም በይ። ከቤት እየሰሩ መሸጥን የሚፈቅደው ህግ፣ ያንቺ ሜሪላንድም የኔ ቨርጂኒያም አላቸው፣ በዋናነት ያለ ፍሪጅ ለሚቆዩ ነገሮች ነው፣ ዳቦ፣ ኩኪስ፣ ቆሎ፣ ደረቅ ቅመም የመሳሰለው። ወጥ፣ ስጋ፣ የተቀቀለ ምስር በሙቀት ቁጥጥር የሚቀመጡ ምግቦች ስለሆኑ እዛ ውስጥ አይገቡም። ፐርሰናል ሼፍ የሚሰራበት መንገድ ለዚህ ነው የተለየ የሆነው፣ ምግቡን የምንሰራው በደንበኛው ቤት፣ በደንበኛው እቃ፣ ለራሱ ለደንበኛው ቤተሰብ ነው። ለዛም ነው ሽንኩርቱን እንኳ ቤቴ ከትፌ የማልሄደው፣ ጊዜ ቢቆጥብም አላደርገውም፣ ሁሉም ነገር ከገበያ ቀጥታ ወደነሱ ኩሽና ነው። ያም ሆኖ ከመጀመርሽ በፊት የካውንቲሽ (የአካባቢሽ አስተዳደር) ጤና ቢሮ ደውለሽ ሰው ቤት ሄጄ ነው የማበስለው ብለሽ ጠይቂና መልሱን በኢሜይል እንዲጽፉልሽ አድርጊ።

ከላይሰንስ ይልቅ ቶሎ የሚያስፈልግሽ ሰርቭሴፍ ማናጀር የሚባለው የምግብ ደህንነት ሰርተፍኬት ነው፣ 5 አመት ያገለግላል፣ አጥንቶ መፈተን ነው። ደንበኛ ሲጠይቅሽ የምታሳዪው ወረቀት እሱ ነው። ቀጥሎ ጀነራል ላያቢሊቲ ኢንሹራንስ ግዢ፣ ኩሽናቸው ቢቃጠል ወይ ሰው ቢታመም የሚሸፍን። ዩናይትድ ስቴትስ ፐርሰናል ሼፍ አሶሴሽን የሚባል ከ1991 ጀምሮ ያለ ማህበር አለ፣ አባል ስትሆኚ ኢንሹራንሱን በነሱ በኩል ማግኘት ይቻላል።

ጨውና_በርበሬ (ሎስ አንጀለስ)

እዚህ ካሊፎርኒያ ግን ትንሽ ይለያል። በ2018 የወጣ ህግ አለ፣ ቤትሽ ኩሽና ውስጥ ወጥም ቢሆን ሰርተሽ መሸጥ የምትችይበት፣ ግን ካውንቲው ራሱ ተቀብሎ ፈቃድ መስጠት ሲጀምር ብቻ ነው የሚሰራው፣ መጀመሪያ የጀመረው ሪቨርሳይድ ካውንቲ ነበር። በቀንና በሳምንት ስንት ሳህን እንደምትሸጪ ገደብ አለው፣ ኩሽናሽንም መጥተው ያያሉ። እህቶቼ ስቴቱንም ካውንቲውንም ሳታጣሩ ካሊፎርኒያ ይቻላል ሲሉ ሰምታችሁ እንዳትገቡበት።

ዳዊት_አትላንታ

ሁሉም ጥሩ ነው ግን እውነቱን እንነጋገር፣ ሀበሻ አይከፍልም። አክስቴ በነጻ ትሰራልኛለች የሚል ህዝብ ጋ 350 ብለሽ ማን ይሰማሻል? ወይስ ፈረንጅ ብቻ ነው ደንበኞችሽ?

ኮረሪማ

ዳዊት ወንድሜ፣ ይሄ ነገር በጣም የምቆረቆርበት ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

መጀመሪያ ላይ ደንበኞቼ ፈረንጆች ነበሩ፣ ዶሮ በኦቨን፣ ሳልመን፣ ተርኪ ቺሊ፣ ኪኑዋ ሰላጣ ነበር የምሰራው፣ የኛን ምግብ የጠየቀኝም አልነበረም። የጾም ምግባችንን ቀስ እያልኩ ሜኑ ውስጥ ሳስገባ ነው ነገሩ የተቀየረው፣ ቪጋን የሆኑ ሰዎች ምስር ወጥ፣ አተር ክክ አልጫ፣ ጎመን አንዴ ከቀመሱ በኋላ በየሳምንቱ ነው የሚሉኝ፣ እኛ ለዘመናት ረቡዕና አርብ ስንበላው የኖርነው ነው። ለፍሪዘርም የሚመቹት እነሱ ናቸው።

ሀበሻ አይከፍልም ለሚለው ግን አልስማማም። ሀበሻ ለሚያስፈልገው ነገር ይከፍላል። አራስ ቤት እስኪ አስበው። እዚህ ሀገር የወለደች ልጅ፣ እናቷ ቪዛ ተከልክላ መምጣት ያልቻለች፣ ባሏ ከጥቂት ቀን በኋላ ስራ የተመለሰ፣ ብቻዋን ህጻን ታቅፋ የምትቀመጥ ስንት አለች። ገንፎዋን በቅቤና በበርበሬ የሚሰራላት የለም፣ አጥሚቷን የሚያፈላላት የለም፣ ጓደኞቿ አንድ ሰሞን ያመጣሉ ከዛ ሁሉም ወደ ስራው ነው። እኔ በሳምንት ሁለቴ እሄዳለሁ፣ ገንፎውን ትኩሱን አገንፍቼ ቁጭ ብላ እስክትበላ አያታለሁ፣ ዶሮዋን፣ ቅንጬዋን፣ አጥሚቷን አዘጋጅቼ እወጣለሁ። የሚከፍሉኝ ብዙ ጊዜ ወንድሞቿና እህቶቿ ናቸው፣ አንዳንዴ ሌላ ስቴት ሆነው አዋጥተው ይልካሉ፣ ለአራስ ጥሪ ዋጋ የተከራከረኝ ሰው የለም። የአገር ቤት እናት ቪዲዮ ከፍታ ገንፎውን አይታ የመረቀችኝን ምርቃት በምንም አልለውጠውም።

ሁለተኛው ወላጆቻቸውን ያመጡ ልጆች ናቸው። አባት ስኳር አለበት፣ እናት ደም ግፊት አለባት፣ ልጆቹ ሁሉም ስራ ናቸው፣ ሽማግሌዎቹ ደግሞ ከወጥ ውጪ አይበሉም። እዚህ ላይ እኔ ሀኪም አይደለሁም፣ ይሄ ምግብ ስኳር ያወርዳል ብዬ ቃል አልገባም፣ የአመጋገብ ባለሙያቸው የጻፈላቸውን ወረቀት ተቀብዬ ጨውን፣ ቅቤን፣ የእንጀራውን መጠን በሱ ልክ ነው የማደርገው።

ሰርግና ለቅሶ ላይ ግን ዛሬም በነጻ እሰራለሁ፣ እሱ ማህበራዊ ኑሯችን ነው፣ ስራዬ አይደለም። ሁለቱን የምለይበት መንገድ ቀላል ነው፣ ሌላውም ሴት ሁሉ አብሮኝ ሽንኩርት የሚከትፍበት ቦታ ከሆነ እኔም እከትፋለሁ፣ ብቻዬን የምጠራበት ከሆነ ዋጋዬን እናገራለሁ።

እማማ_አስቴር (ዳላስ)

ልጄ እጅሽን ይባርከው። እኔ ግን አንድ ነገር አልገባኝም፣ ይሄ ሁሉ ሰርተፍኬትና ቴርሞሜትር ለምንድነው? እኛ ዶሮ ወጥ ሰርተን ለበዓል ምድጃው ላይ እንዳለ ያድራል፣ ጠዋት ይሞቃል፣ እንደውም ያደረ ወጥ ነው የሚጥመው፣ ቅቤው በርበሬው ይጠብቀዋል። ስንት አመት በልተን ማንም አልታመመም።

ኮረሪማ

እማማ አስቴር ስለመጡ ደስ ብሎኛል፣ እናቴም ልክ እንደርስዎ ነው የሚሉኝ። ያደረ ወጥ ይጥማል የሚሉት እውነት ነው፣ እኔም ለማደር ነው የምሰራው፣ የሚያድረው ግን ፍሪጅ ውስጥ ነው።

ምክንያቱን ልንገርዎ። አንዳንድ ባክቴሪያዎች አሉ፣ ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የሚባለው አንዱ ነው፣ ስጋ ወጥ ውስጥ ሲፈላ ይሞታል ብለን የምናስበው ግን ዘር የመሰለ ነገር ሰርቶ መፍላቱን ተቋቁሞ ይቆያል፣ ከዛ ድስቱ ቀስ እያለ ሲቀዘቅዝ ለብ ባለው ሰአት ይነሳና ይራባል። ትልቅ ድስት ደግሞ ጥቅጥቅ ያለ ወጥ ይዞ መሀሉ ለብዙ ሰአት አይቀዘቅዝም። የአሜሪካ የምግብ ደንብ የሚለው ከ135 ዲግሪ ፋራናይት ወደ 70 በ2 ሰአት ውስጥ ይውረድ፣ ከ70 ወደ 41 ደግሞ በሚቀጥለው 4 ሰአት ነው። አገር ቤት ደጋ ላይ ሌሊቱ ራሱ ብርድ ነው፣ በዓል ላይም ድስቱ በማግስቱ ያልቃል። እኔ ግን ሰኞ ሰርቼ ሐሙስ የሚበላ ምግብ ነው የምተወው፣ የሚበሉትም ህጻናትና አራሶች ናቸው። ስለዚ ወጡን በጠፍጣፋ ትሪ ላይ ስስ አድርጌ አፈሰዋለሁ፣ ትሪውን በረዶ ላይ አስቀምጣለሁ፣ በቴርሞሜትር አይቼ ነው ፍሪጅ የማስገባው። ዶሮውም ሲበስል አጥንቱ አጠገብ ያለው ስጋ 165 መድረሱን አያለሁ። ጣዕሙ ላይ ምንም አይቀንስም፣ በእውነት።

የክትፎንም ነገር በዚሁ ላንሳ፣ ጥሬና ለብ ለብ ክትፎ ለጎልማሳ ጤነኛ ሰው ጠይቆኝ ከሆነ ፊቱ ሰርቼ ወዲያው ይበላል፣ በኮንቴነር አልተውም። ለእርጉዝ፣ ለህጻን፣ ለሽማግሌ የበሰለ ብቻ ነው የምሰራው፣ ቢለምኑኝም።

እማማ_አስቴር (ዳላስ)

እሺ ልጄ ትሪው ላይ ማፍሰሱን እሞክረዋለሁ። ቅቤው ግን ከላይ ረግቶ ሲቀር አይደል የሚያምረው፣ እሱን እንዳታጠፊው።

ላይንኩክ_ዲሲ

እኔ ሬስቶራንት ውስጥ ግሪል ላይ ነው የምሰራው። ጥያቄዬ ትምህርት ቤት መግባት ያስፈልጋል ወይ ነው። እዚህ ኩሊነሪ ስኩል ዋጋው አይቀመስም። ኢትዮጵያ የተወለደውን ሼፍ ማርከስ ሳሙኤልሰንን ብታዩ ስዊድን ጎተንበርግ ተምሮ ነው ኒው ዮርክ አክዋቪት የሚባል ሬስቶራንት የገባው፣ በ2009 ኦባማ የመጀመሪያውን ስቴት ዲነር (የመንግስት የእራት ግብዣ) ለህንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሲያደርግ ምግቡን ያዘጋጀው እሱ ነው። ሳይማሩ እዛ መድረስ ይቻላል?

ኮረሪማ

ወንድሜ ማርከስ የምንኮራበት ልጃችን ነው፣ ግን የሱ መንገድ የሬስቶራንት መንገድ ነው፣ ትልቅ የኩሽና ቡድን የሚመራ ሼፍ መሆን ከፈለግክ መማሩም ታላላቅ ኩሽና ውስጥ ማለፉም ግድ ነው። ለዚህኛው ስራ ዲፕሎማ የጠየቀኝ ደንበኛ የለም። አንተ ደግሞ ቢላ አያያዝህ፣ ፍጥነትህ፣ የስራ ቦታህን እያጸዳህ መስራትህ፣ ብዙዎቻችን የሌለንን ይዘህ ነው የምትመጣው። የሚለይብህ ነገር ቢኖር ሬስቶራንት ውስጥ ትኩሱን ነው ከመስኮት የምታወጣው፣ እዚህ ግን ከ3 ቀን በኋላ በማይክሮዌቭ ሲሞቅ ምን ይሆናል ብለህ ነው የምታበስለው። ፓስታውን ቀድመህ ታወጣዋለህ፣ አሳውን ትንሽ ሳይደርቅ ታነሳዋለህ። ሽሮ ፍሪጅ ውስጥ ይጠጥራል፣ ሲሞቅ ትንሽ ውሃ ይጨመርበት ብዬ እጽፋለሁ። የዶሮ ወጥ እንቁላል ፍሪዘር ከገባ ነጩ ላስቲክ ይሆናል፣ ስለዚ ወጡ ለፍሪዘር ከሆነ እንቁላሉን ለብቻ ፍሪጅ ውስጥ እተወዋለሁ።

የሪያድ_እህት

እኔ የምጽፈው ከሳውዲ ነው። እዚህ ሰው ቤት ምግብ ሰራተኛ ነኝ፣ ማዳም እንግዳ ሲመጣ ሁሉንም ለኔ ነው የምትተወው፣ ከብሳ፣ መንዲ፣ ሳምቡሳ፣ ኩናፋ፣ የሊባኖስ ምግብም እችላለሁ። ዘመዶቿ ለኛም ትስራልን በገንዘብ እያሉ ይጠይቁኛል። ያንቺን ሳነብ ምነው እኔም አልኩ።

ኮረሪማ

እህትዬ አንቺ ከብዙዎቻችን በላይ ባለሙያ ነሽ፣ መጀመሪያ ይሄን እወቂ። ነገር ግን ኢቃማሽ (የመኖሪያ ፈቃድሽ) በከፊልሽ፣ ማለትም በአሰሪሽ ስም እስከሆነ ድረስ ሌላ ቤት ሄዶ ለብቻ ገንዘብ መቀበል አንቺን ነው የሚያስጠይቀው፣ ተይዘሽ መባረር ድረስ ሊያደርስሽ ይችላል፣ ስለዚ እንዳትሞክሪው፣ አይዞሽ ድፈሪ የሚልሽ ሰው ቢኖርም የሚጎዳው አንቺን እንጂ እሱን አይደለም። አሁን የምትችይው መጻፍ ነው። የምትሰሪውን እያንዳንዱን ምግብ ለስንት ሰው እንደሆነ፣ ስጋው ስንት ኪሎ፣ ሩዙ ስንት፣ ስንት ሰአት እንደፈጀብሽ በደብተር ያዢ፣ ማዳም ፈቃደኛ ከሆነች ፎቶ አንሺው፣ ቤታቸውንና ሰዎቹን ሳታሳዪ። አገር ቤት ስትመለሺ ያ ደብተር ስራ ይሆንሻል፣ አዲስ አበባ ላይ የአረብ ምግብ አሳምሮ የሚሰራ ሰው የሚፈልግ ቤት አለ።

ቦሌ_ሚካኤል (አዲስ አበባ)

አለ ወይ ብቻ! እኔ እዚህ ይሄንኑ ስራ ነው የምሰራው፣ የአረብ ምግብ የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው፣ እህታችን ስትመጪ አለን። የተማርኩት ካተሪንግና ቱሪዝም ማሰልጠኛ ነው፣ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ያለው፣ እዚህ አገር ሆቴል ቤት ለመግባት አሁንም የሱ ወረቀት ይረዳል። ከሆቴል ወጥቼ ቤት ለቤት ስጀምር የከበደኝ ነገር ግን አሜሪካ የሌለ ነው፣ ብዙ ቤት ውስጥ ምግብ የምትሰራ ሰራተኛ አለች። እኔ ስመጣ ስራዬን ሊወስድ ነው ብላ ትሰጋለች፣ ልክ ነች። ስለዚህ ከባለቤቶቹ ጋ ስስማማ ቁርጥ አድርጌ ነው የምናገረው፣ የሷን ስራ አልነካም፣ እኔ የምመጣው ለእንግዳ ቀን፣ ለውጭ ምግብ፣ ወይ የጤና ምግብ ሲፈለግ ነው። ከሷ ጋ በደንብ ከተግባባችሁ ከማንም በላይ የምታግዛችሁ እሷ ናት፣ የትኛው ልጅ ምን እንደማይበላ የምታውቀው እሷ ናት።

ሌላው ጾም ነው። በሁዳዴ 55 ቀን አንዱ ቤት ውስጥ አባትና እናት ይጾማሉ፣ ልጆቹ አይጾሙም፣ ድስቱም ማማሰያውም ጭልፋውም ለየብቻ ነው፣ የፍስክ ጭልፋ የጾሙን ነክቶ ከተገኘ ያ ቤት ሁለተኛ አይጠራችሁም። እኔ የጾም እቃዬን በሌላ ቀለም ቴፕ ምልክት አድርጌ ነው የምዞረው። መብራት ሊጠፋ ስለሚችልም ያለ ጋዝ ሲሊንደር አልንቀሳቀስም፣ ንግድ ፈቃድና ቲን ነምበር ደግሞ ቶሎ አውጡ፣ ድርጅቶች ያለ ደረሰኝ አያሰሩም።

የነታንያ_ልጅ (እስራኤል)

የጭልፋው ነገር እኛም ጋ አለ፣ ስጋና ወተት አይነካካም። ኮሸር (የአይሁድ የምግብ ህግ) የሚጠብቅ ቤት ለዶሮ ወጥ ቅቤ አይታሰብም፣ ዘይት ነው። ዶሮ ወጥ ያለ ቅቤ ጣዕም የለውም የሚል ያነበበ ፈረንጅ ደንበኛ ካለ ወደ እኔ ላኩት፣ ሽንኩርቱ በደንብ ከተቁላላ ቅቤ አይፈልግም። ሌላ ሃይማኖት ቤት የምትሰሩ ሰዎች እቃችሁን ይዛችሁ ከመግባታችሁ በፊት ጠይቁ፣ ድስታችሁ ራሱ ሊከለከል ይችላል።

ኮረሪማ

ሁለታችሁም የጻፋችሁት ወርቅ ነው። አለርጂም እንደዛው ነው፣ እዚህ አሜሪካ በህግ የተዘረዘሩ 9 ዋና ዋና አለርጂ የሚያስነሱ ምግቦች አሉ፣ ሰሊጥ 9ኛ ሆኖ ስራ ላይ የዋለው ከ2023 ጀምሮ ነው። ንጥር ቅቤ ወተት መሆኑን የማያውቅ ፈረንጅ ብዙ ስለሆነ ሌብሉ ላይ ወተት ብዬ እጽፋለሁ። እንጀራ ደግሞ ተጠንቀቁ፣ ጤፍ ግሉተን የለውም ስለተባለ ሴሊያክ (ግሉተን የማይስማማው በሽታ) ያለበት ሰው የትኛውንም እንጀራ ይበላል ማለት አይደለም፣ እዚህ የሚሸጠው ብዙው ገብስ ወይ ስንዴ የተቀላቀለበት ነው። ለነሱ መቶ በመቶ ጤፍ ከሚጋግር ጠይቄ ነው የምገዛው፣ እዛም ምጣዱ የጋራ መሆን አለመሆኑን እጠይቃለሁ። ራሴ ደንበኛ ቤት እንጀራ አልጋግርም፣ እርሾውና አብሲቱ ቀን ይፈልጋል።

ሸገር_ሲልቨርስፕሪንግ

እሺ ወሰንኩ፣ የሌሊት ስራዬን ሳልለቅ በሳምንት አንድ ቤት ልጀምር ነው። የስራ ፈቃድ ነው ያለኝ፣ አሳይለም ላይ ነኝ፣ ችግር አለው? ሂሳቡንስ እንዴት ልያዝ?

ኮረሪማ

በአሳይለም የተሰጠ የስራ ፈቃድ ለአንድ ቀጣሪ የታሰረ አይደለም፣ ለራስሽም መስራት ያስችልሻል። በተማሪ ቪዛ ላይ ያላችሁ ግን ይሄ ነገር እናንተን አይመለከትም፣ ጠበቃ ሳታማክሩ እንዳትነኩት።

ለሂሳቡ ለብቻው የባንክ አካውንት ክፈቺ፣ በዜል (በስልክ ገንዘብ መላኪያው) የገባውም በካሽ የተቀበልሽውም እዛ ይግባ። በአመት ውስጥ 1,000 ዶላርና ከዛ በላይ ታክስ የሚደርስብሽ ከመሰለሽ በ4 ጊዜ ከፍለሽ መላክ አለብሽ፣ አፕሪል 15፣ ጁን 15፣ ሴፕቴምበር 15፣ ጃንዋሪ 15። ከገባው ላይ ሲሶውን ወዲያው ለይተሽ አስቀምጪ፣ አትንኪው። ለስራ የነዳሽውን ማይል ጻፊ፣ በ2025 አይአርኤስ (የአሜሪካ የግብር መስሪያ ቤት) የሚቀንሰው በማይል 70 ሳንቲም ነበር፣ ይሄ ትንሽ ይመስላል ግን አመቱን ስትደምሪው ትልቅ ገንዘብ ነው።

ውልም ይኑርሽ፣ አንድ ገጽ ይበቃል። ከ48 ሰአት በፊት ካልነገሩሽ የተሰረዘው ቀን ግማሽ ይከፈላል፣ የግሮሰሪው ገንዘብ ቀድሞ ይገባል፣ አለርጂውን እነሱ ራሳቸው ጽፈው ይፈርማሉ። በር ላይ ደርሼ ዛሬ እንኳ አልተመቸንም ያለኝ ቤት ነበር፣ ሙሉ ገበያ ተሸክሜ፣ ያ ቤት የከፈለኝ ውሉ ስለነበረኝ ነው።

ሸገር_ሲልቨርስፕሪንግ

የመጀመሪያዋ ደንበኛዬ የምሰራበት ህንጻ ላይ ያለች ነርስ ናት፣ ለ3 ሰው። ሜኑ እንዲህ አሰብኩ፦ ዶሮ ወጥ፣ ምስር ወጥ፣ ጎመን፣ ለልጇ ደሞ ዶሮ በኦቨን ከድንች ጋ። በ5 ሰአት ውስጥ ይደርሳል?

ኮረሪማ

ይደርሳል፣ ቅደም ተከተሉን ካወቅሽበት። ገብተሽ እጅሽን ታጥበሽ ፍሪጁን በቴርሞሜትር አይተሽ መጀመሪያ የምትነኪው ሽንኩርት ነው፣ የዶሮውንም የምስሩንም አንድ ላይ በማሽን ፈጭተሽ በትልቁ ድስት ያለ ዘይት አቁላዪ፣ ሲደርቅ ውሃ ጠብ እያደረግሽ፣ በደንብ ሲሟሽሽ ዘይቱን ጨምሪና የምስሩን ድርሻ ወደ ሌላ ድስት ቀንሺለት፣ በርበሬና ቅቤ ወደ ዶሮው የሚሄደው ከዛ በኋላ ነው፣ ምስሩ ያለ ቅቤ ይቆይልሽ። ቁሌቱ ሲበስል ጎመኑን አጥበሽ ክተፊ፣ ጥሬ ዶሮ ሳትነኪ ነው ታዲያ፣ አትክልቱ ይቅደም። ከዛ ዶሮውን በልዩ መክተፊያ ገነጣጥለሽ በሎሚና በጨው እጠቢው፣ ሲንኩን መልሰሽ አጽጂ። የልጁን ዶሮና ድንች ኦቨን ውስጥ የምታስገቢው የዶሮ ወጡን ስጋ ድስት ውስጥ ስትጨምሪ ነው፣ እኩል ይደርሱልሻል። ቀድሞ የሚያልቀው ምስሩ ስለሆነ ቀድሞ ትሪ ላይ የሚፈሰውም እሱ ነው። እንቁላሉን እስከዛ ቀቅለሽ ልጠሽ ጨርሺ።

ኮንዶ ከሆነ በርበሬው ሲቁላላ የጭስ አላርሙ ሊጮህ ይችላል፣ መስኮት ከፍተሽ የምድጃውን ማራገቢያ ገና ስትጀምሪ አብሪው፣ ሽታው እንደሚኖር ደግሞ ቀድመሽ ንገሪያት። ምድጃዋ ኢንዳክሽን (ድስቱን በማግኔት የሚያግለው) ከሆነ የአሉሚኒየም ድስትሽ አይሰራም፣ ማግኔት የሚይዝ ድስት ያዢ። ዛሬውኑ ቴክስት አድርጊላትና ምድጃው ምን አይነት እንደሆነ፣ ኦቨኑ እንደሚሰራ፣ ፍሪጅ ውስጥ ባዶ መደርደሪያ እንዳለ ጠይቂያት፣ የምድጃዋንና የፍሪጇን ፎቶ ካላከችልሽ ገበያ እንዳትወጪ።